የአዴ ለሊሴ ጥንቸል ጥቁር ልጆች

አራስ ልትጠይቁ ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ገንፎው ከመቅረቡ በፊት የሕፃኑ ፊት ለጉባኤ ይቀርባል። አፍንጫው ለአባት፣ ግንባሩ ለእናት፣ ጆሮው በሕይወት ለሌለ አጎት ይሰጣል። ሁሉም ዳኛ ነው፤ ይግባኝ የለም። ታዲያ ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት አክስት አትጠፋም። ሕፃኑን ትኩር ብላ ታይና፣ «እንጃ፣ ማንን እንደመሰለ» ትላለች። ይህች አረፍተ ነገር ስንት ትዳር እንዳናጋች እናንተው ገምቱ። ሴትዮዋ ስለ ዘር ውርስ አንድ ቀን ክፍል ገብታ አታውቅም። እኔ አራት ዓመት ገብቻለሁ። ከእሷ ምን ያህል እንደምሻል መጨረሻ ላይ ትፈርዳላችሁ።

የተማርኩት የእንስሳት ሳይንስ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ በጥንቸል ፀጉር ቀለም ላይ ነበር። የሚያስቃችሁ ከሆነ ሳቁ፤ ለምጄዋለሁ። ጥቁር ሆነው በውስጣቸው የነጭ ዘር የደበቁ ጥንቸሎችን እርስ በርስ አገናኘሁ። ሃያ አራት ግልገሎች ተወለዱ፤ አሥራ ስምንቱ ጥቁር፣ ስድስቱ ነጭ። አተር እየዘራ የዘርን ሕግ ያገኘው መነኩሴ እንዳለው፣ ልክ ሦስት ለአንድ። ወረቀቱን ይዤ ወደ አማካሪዬ ሮጥኩ። ሰውየው አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «ተፈጥሮ እንደዚህ አታምርም» አለኝ። «ቁጥሩን ተቀምጠህ የሠራኸው ነው።»

ግልገሎቹ ከቢሮው ጀርባ ነበሩ። አርባ እርምጃ። «መጥተው ይዩ» አልኳቸው። (ያን ጊዜ አንቱ እላቸው ነበር፤ አሁን አንተ የምለው በሌለበት ነው።) አልመጣም። ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም። ተስፋ የተሰጠኝ የረዳት መምህርነት ቦታ ቁጥሮቹ በልክ ለተዛነፉለት ለሌላ ልጅ ተሰጠ። እኔም የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ሆኜ ነቀምቴ ገባሁ።

ቂም እንደ ጥንቸል ነው፤ በየወሩ ይወልዳል። የእኔው አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲወልድ ኖሯል። ነቀምቴ ውስጥ ከእኔ ጋር ባጃጅ ተሳፍሮ ይህን ታሪክ ሳይሰማ የወረደ ሰው ካለ መንገዱ አጥሮበት ነው። ባለቤቴ «አርባ እርምጃ» የሚለውን ቃል በቤታችን ከልክላለች።

አሁን ወደ ነገሩ እንምጣ። ዲጋ ላይ ጥንቸል የሚያረቡ ሴቶች ማኅበር አለ። ደንባቸው ቀላል ነው፦ ጥንዶቹን የተረከበች አባል ታስወልድና ግልገሎቹን ለተረኞቹ ታስተላልፋለች። ተራው የአዴ ለሊሴ ነበር፤ «አዴ» በኦሮምኛ እንደ «ወይዘሮ» ነው። አዴ ለሊሴ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ የሚይዙ ሴት ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። የተረከቧቸው ጥንዶች ሁለቱም እንደ ጥጥ የነጡ ነበሩ። ተረኞቹ ግልገሎቹን ሊወስዱ ሲመጡ ያገኙት ግን አምስት ጥቁርና ሁለት አመድማ ነው። አንድም ነጭ የለም።

ሴቶቹ ነገሩን ለመፍታት ባለሙያ አላስፈለጋቸውም። አዴ ለሊሴ ነጮቹን ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ላለችው እህታቸው ልከው፣ በምትካቸው ከየትም የለቀሙትን ከትተዋል ተባለ። ወሬው ቤተ ክርስቲያኑም ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩ ከተረጋገጠ ቁልፉን እንደሚረከቧቸው ነገሯቸው። ማኅበሩ ለማረጋገጫ ወደ መሥሪያ ቤታችን ጻፈ። እኔ ተላክሁ።

ዲጋ ስደርስ ይዘንባል። ከአዴ ለሊሴ ቤት ጣሪያ ሥር አግዳሚ ወንበር ሰጡኝ፤ ሴቶቹ ዙሪያዬን ቆሙ። ሰላምታውም ክርክሩም በኦሮምኛ ነው። ነገሩን በሙሉ ሰማሁ ለማለት ያህል ሰማሁ። መልሱ ግን ገና ከነቀምቴ ሚኒባስ ስሳፈር ኪሴ ውስጥ ነበር። ነጭ ከነጭ ነጭ እንጂ ሌላ አይወልድም። ይህን በእንቅልፌም እናገረዋለሁ። ወረቀት አወጣሁና «ግልገሎቹ የእነዚህ ጥንዶች ልጆች ሊሆኑ አይችሉም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

አዴ ለሊሴ አላለቀሱም፣ አልማሉም። ፊቴ ቆመው፣ «ኢልማ ኮ፣ ኮቱ ኢላሊ» አሉኝ። ልጄ፣ ና እይ፣ ማለታቸው ነው።

«አያስፈልግም አዴ» አልኳቸው። «ሳይንሱ አይቶታል።»

ወደ ጓሮው ጭቃ አዩ፤ ከዚያ ወደ እግሬ።

«ሳይንሱ ጫማው እንዳይጨቀይ ፈርቶ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔን የያዘኝ ግን ሳቁ አልነበረም። ና እይ። ይህችን ቃል ከዚህ በፊት አውቃታለሁ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የእኔ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ብድግ አልኩ። እስከ ጥንቸሎቹ ቤት ሳላስበው ቆጠርኩት። ሠላሳ አንድ እርምጃ።

ወንዱ ዓይኑ ቀይ ነው። እንደ ማንኛውም ነጭ ጥንቸል። ሴቷ ጀርባዋን ሰጥታ ጎመን ታኝካለች። ዞር አለች። ዓይኗ ሰማያዊ ነበር፤ እንደ ደብተር ሽፋን ሰማያዊ። ጠጋ ብዬ ግልገሎቹን አየሁ። አንዱ አፍንጫው ላይ፣ ሌላው እግሩ ላይ፣ ሁሉም ላይ ነጭ ጠብታ አለች። ወረቀቱ ላይ ካለው ከእኔ ፊርማ ይልቅ ያቺ ጠብታ የታመነች ፊርማ ነበረች። ሴቷ ከየት እንደመጣች ጠየቅኩ። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ ሐኪም ለማኅበሩ ትቷት ሄዶ ነው አሉኝ።

በአንድ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ በአንድ መስመር አንብቤው ነበር፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ነጭነት ሁለት ዓይነት ነው። ለሴቶቹ እንዲህ ብዬ አስረዳሁ፦ ሁለት የጨለሙ ቤቶች አሉ እንበል። የአንደኛው ገመድ ደህና ሆኖ አምፖሉ ተቃጥሏል፤ የሌላኛው አምፖሉ ደህና ሆኖ ገመዱ ተቆርጧል። ከውጭ ስታዩዋቸው ሁለቱም ያው ጨለማ ናቸው። ልጃቸው ግን ከአንዱ ደህና ገመድ፣ ከሌላው ደህና አምፖል ይወርሳል። ይበራል። የባለ ቀይ ዓይኑና የባለ ሰማያዊ ዓይኗም ነገር ይኸው ነው። ቀለም ያላቸው ልጆች መውለዳቸው ግዴታቸው ነው፤ ያቺ ነጭ ጠብታም ሰማያዊ ዓይን ያላት እናት በልጆቿ ላይ የምትተዋት ምልክት ናት።

ከዚያም ወረቀቴን በፊታቸው ቀደድኩ። ጭብጨባ ጠብቄ ነበር፤ አልዋሻችሁም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጫልቱ፣ ቀልጣፋና የማትሸነገል ወጣት፣ እጇን አጣጥፋ አየችኝ።

«ቅድም አይሆንም ብለህ ፈረምክ፤ አሁን ይሆናል ትላለህ» አለች። «የትኛውን ሰውዬ እንመን?»

እውነቷን ነው። ስለዚህ ያኔ ለእኔ ያልተደረገልኝን ሐሳብ አቀረብኩ፦ ጥንዶቹ እንደገና ይገናኙ፤ ቤታቸው ይቆለፍ፤ ቁልፉን ጫልቱ ትያዝ፤ ጠዋትና ማታ ራሷ እየከፈተች ታብላ። ጥንቸል ወር ሙሉ ታረግዛለች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ግን ወር መጠበቅ አልፈለጉም፤ ቁልፉን «ለጊዜው» ብለው ወሰዱ። አዴ ለሊሴ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጧቸው። ያ ቋጠሮ የነበረበት ቦታ ግን ወር ሙሉ እንደተጨማደደ ቀረ። እኔ ነኝ ያስፈታሁት። በመጽሐፉ አልተጠራጠርኩም፤ በራሴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠርኩ።

ስምንት ግልገሎች ተወለዱ። ጥንቸል ስትወለድ ራቁቷን ናት፤ ቀለሙ እስኪለይ ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ ዲጋ ተመለስኩ። ስድስት ጥቁር፣ ሁለት አመድማ። አንድም ነጭ የለም። ጫልቱ ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸውና ቀና ብላ አየችኝ።

«ስምንቱም? አንዷ እንኳ ሳትሳሳት?» አለች። «አላማረም እንዴ በጣም?»

የአማካሪዬን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት አዴ ለሊሴ ቀደሙኝ።

«ቁልፉ የነበረው አንቺ ጋ ነው፣ ልጄ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ጫልቱም ቆይታ ሳቀች። በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ቁልፉን መለሱ፤ ወደ ነጠላው ጫፍም ተመልሶ ተቋጠረ። ስሰናበታቸው አዴ ለሊሴ እጄን ይዘው፣ በቁጣ ሳይሆን እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ «ያን ቀን ባትነሣስ፣ ኢልማ ኮ?» ብለው ጠየቁኝ። የሚኒባሱ ረዳት ጠራኝና መልስ ከመስጠት ዳንኩ።

ወደ ነቀምቴ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። እንደ ልማዴ ጀመርኩለት፦ መመረቂያው፣ ሃያ አራቱ ግልገሎች፣ አርባው እርምጃ። «አልመጣም» የምለው ቦታ ስደርስ አድማጩ አማካሪዬን እንዲረግምልኝ ዝም እላለሁ። ሰውየው አላሳፈረኝም፤ ደህና አድርጎ ረገመልኝ። እኔ ግን በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜን ሳልል ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ይቅር ብዬው አይደለም። አላልኩትም፤ ወደፊትም የምለው አይመስለኝም። ያልተነሣበት ወንበር ምን ያህል እንደሚመች ግን አሁን አውቃለሁ።