የአያ ፈንቴ ሃያ አምስት ሜትር

አጭር ሞገድ ራዲዮ መስማት ለመጀመር ምን ያስፈልጋል ብትሉኝ፣ አንዲት ራዲዮ፣ ጥቂት የባትሪ ድንጋይ፣ ብዙ ትዕግሥትና የተዘጋ አፍ እላችኋለሁ። የመጨረሻው እኔ ዘንድ አልነበረም። ለዚህ ነው ዛሬ ራዲዮዬን ብቻዬን የምሰማው።

ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኔትወርክ ጠፍቶ ስልካችን የኪስ መስታወት በሆነበት ሰሞን ነው ነገሩ የጀመረኝ። ከገበያ አንዲት ያገለገለች ራዲዮ ገዛሁ። ሻጩ ኤፍኤሟ እንደማይሠራ፣ አጭር ሞገድ ብቻ እንደቀራት እንደ ነውር እያፈረ ነገረኝ። ቤት ወስጄ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መዘውሯን ቀስ አድርጌ ሳዞር፣ አንዱ በቻይንኛ ያወራል፣ አንዷ በማላውቀው ቋንቋ ትዘፍናለች። እናንተዬ፣ ይኼ ሁሉ ሰው በጣሪያዬ ላይ ሲያልፍ ኖሯል? ልቤ ጠፋ። ባለቤቴ ሽሽሽ የሚለውን ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ገብስ እየቆላሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እውነቷን ነው፤ ከወሬው ይልቅ ቆሎው ይበዛ ነበር። መላ ስፈልግ አንድ ያረጀ የማስተማሪያ መጽሐፍ አገላበጥኩ። ከቤት ውጭ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ ከራዲዮው አንቴና ጋር ቢያያዝ ድምፁ ይጎላል ይላል። ሽቦ ገዝቼ እስከ ባሕር ዛፉ ዘረጋሁ። ወዲያው አንድ ሰውዬ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል አማርኛውን ያንቆረቁረው ጀመር። ደስታዬ ግን ዜናውን እስኪጨርስ እንኳ አልቆየም። አያ ፈንቴ ትዝ አሉኝ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

አያ ፈንቴ የእናቴ ወንድም ናቸው። ከቡሬ አንድ ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ገጠር በቆሎና በርበሬ ያመርታሉ። ራዲዮ የሚሰሙት ግን እንደ ጸሎት ነው። ከባሕር ማዶ በአማርኛ የሚተላለፍ አንድ ጣቢያ ነበራቸው። ጎርናና ድምፅ ያለው አንባቢ «ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን» ሲል፣ ቆባቸውን አውልቀው «አብሮ ይስጥልን» ይሉታል። ሰላምታ መልስ የሌለው ሆኖ አያውቅም እሳቸው ቤት።

ይኼ አንባቢ ታዲያ ሁልጊዜ «በሃያ አምስት ሜትር ባንድ ታገኙናላችሁ» ይላል። አያ ፈንቴ ይህን የሽቦ ትእዛዝ አድርገው ያዙት! ቡሬ ገበያ ወርደው ሽቦ ገዙ፤ በክንድ መለካቱን አላመኑትም፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብተው በሜትር አስለኩት። ሰፊው ምን ዓይነት ልብስ እንደሚወጣው ቢጠይቃቸው፣ ጣቢያው ያዘዘው ነው አሉት። ከቤታቸው ጫፍ እስከ ዋንዛው ዘረጉት። ጣቢያው ወደ ዐሥራ ዘጠኝ ሜትር ተዛውሬያለሁ ሲል ስድስቱን ሜትር ጠቅልለው ያስሩታል። ሲመለስ ደግሞ ይፈቱታል። ይኼን ሁሉ ዓመት ጥርት አድርገው ሰሙ።

እኔ ራዲዮ ከመግዛቴ በፊት፣ የሚካኤል ማኅበር እሳቸው ቤት የዋለ ዕለት እኔም ነበርኩ። ጠላው ሁለት ሦስቴ ዞሯል። አያ ፈንቴ ሽቦውን እያሳዩ ለማኅበርተኛው ያብራራሉ፤ አንድ ሜትር እንኳ እንደማያጎድሉበት ይምላሉ። ሳቅ አመለጠኝ ብል ደስ ባለኝ። አላመለጠኝም፤ ለቀቅሁት። ከዚያ ብድግ ብዬ አስተማርኩ። ሜትሩ የሞገዱ ርዝመት እንጂ የሽቦ ልክ አይደለም፣ ሽቦውን ቢነቅሉትም ድምፁ ቅንጣት አይቀንስም አልኩ። ማኅበርተኛው በሳቅ ፈረሰ። አያ ፈንቴ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «እሺ፣ አስተማሪው ካልክ» ብቻ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገሩ «አያ ሜትር» ተባሉ።

የመጀመሪያው ቃሌ ልክ ነበር። ሁለተኛው ነው ገደል የከተታቸው፤ አምነውኝ ሽቦውን ከራዲዮው ነቀሉት። ምክንያታቸው ቢስትም ሽቦው ሥራውን ይሠራ ነበር። እኔ ነኝ ፊዚክሱን የተማርኩት፤ እሳቸው ናቸው የሠሩበት!

ከዚያ በኋላ በስልክ ባገኙኝ ቁጥር ያ ሰውዬ እንደጠፋባቸው ይነግሩኛል። ጣቢያው ተዘግቶ ይሆን? ሰውየውስ ታሞ ይሆን? ለሚካኤል ጧፍ ተስለውለታል። እኔ ምን አልኩ? ድንጋዩን ይቀይሩ አልኩ። እሳቸውም ቀየሩ፤ አሮጌውንም ፀሐይ ላይ አሰጡ። ሰውየው በየቀኑ ጤና ይስጥልኝ ይላል፤ እሳቸው የሉም።

እውነቱን ባሕር ዛፉ ሥር ካወቅሁ በኋላስ ሮጥኩ? የት አባቴ! ዛሬ ፈተና አርማለሁ፣ ነገ ስብሰባ አለ፣ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። ኔትወርክ ሲመለስም በስልክ መናገሩን አፍሬ ተውኩት። ወራት አለፉ።

በመጨረሻ ራዲዮዬን ይዤ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ደጅ ላይ ልብስ ያሰጣሉ። ቀና ስል ማስጫው ያ ሽቦ ነው፤ አያ ፈንቴ ከራዲዮው ብቻ ነቅለው ለሚስታቸው ሰጥተውታል። እትዬ የሺ ጠጋ ብለው፣ ከክረምት ወዲህ የአያ ፈንቴ ጆሮ እንደደከመ፣ አጠገባቸው ሆነው ካላናገሯቸው እንደማይሰሙ ነገሩኝ። ራዲዮውንም ከሰቀሉት ቆይተዋል።

እንደ ሌባ እየተቻኮልኩ ራዲዮዬን ከማስጫው ጋር አያያዝኩ። ከብቶች ሲገቡ ያ ጎርናና ድምፅ፣ «ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን» አለ፤ ጥርት ብሎ! አያ ፈንቴ ራዲዮውን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ቆዩ። ደግሞ ወደ ሌላው ጆሯቸው አዞሩት። መልሰው ሰጡኝና፣ «ዝናብ ነው የሚያወራው» አሉ።

«እሱ ነው፣ አያ ፈንቴ! ሰውየው ነው!»

«አልታመመም?»

«ደህና ነው!»

«ተመስገን» አሉ። ቆባቸውን አወለቁና ወደማይሰሙት ራዲዮ ጎንበስ ብለው፣ «አብሮ ይስጥልን» አሉት። እንባዬ መጣ። ጆሯቸው ገና በደህና የሚሰማበትን ስንት ምሽት ነው በአንዲት ሳቅ የነጠቅኋቸው?

ጆሯቸው ሥር ተንበርክኬ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ፣ ሽቦው ይሠራ እንደነበረ ነገርኳቸው። «ምን አልክ?» አሉ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው፣ «ኧረ ጮክ በል፣ አስተማሪው!» አሉ። ያለ የሌለ ኃይሌን አሰባስቤ፣ «እርስዎ ልክ ነበሩ! ያጠፋሁት እኔ ነኝ! ሽቦው ይሠራ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። በጎች ደነበሩ። ከየአጥሩ ማኅበርተኛው ሁሉ አንገቱን ብቅ ብቅ አደረገ፤ ያን ዕለት የሳቀው አንድ አልቀረም።

አያ ፈንቴ ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ።

ጠጋ ብዬ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ አሁን ሰሙኝ ወይ አልኳቸው።

«አንተንማ በመጀመሪያው ሰምቼሃለሁ» አሉኝ። «እነሱ ናቸው ያልሰሙት።»