የጂሙ ረዳት

ጂም ባለበት ሁሉ አንድ ያልተሾመ አዛዥ አይጠፋም። ማንም አልቀጠረውም፤ ሁሉንም ግን ያዛል። የእኛ የቡራዩው ጂም ለዚህ ወንበር ክቡር ኦቦ ተረፈን አግኝቷል። ዕድሜ ልካቸውን የታክሲ ረዳት ነበሩ። ሐኪም "ጉልበትዎን ያፍታቱ" ብሎ ወደ ጂም ሲልካቸው ታክሲውንም ይዘውት መጡ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ!" ይላሉ ገና ከበሩ። ጂሙ ጢም ብሎ ቢሞላም ለእሳቸው ሁሌም አንድ ሰው ይጭናል። አንድ ቀን ፊቴ በርበሬ መስሎ ብረት ስገፋ ከአግዳሚው አስነሱኝና ክራንች የያዘ ሰው አስቀመጡበት። "አንተ ቆመህም ትሠራለህ!" አሉኝ። በውፍረቱ አፍሮ ጥግ ጥግ የሚለውን ዮፍታሔንማ ጎትተው መስታወቱ ፊት አቆሙት። "ጋቢና ይዘሃል፣ ምን ቀረህ!"

ከጂሙ ፊት ለፊት ታክሲ መያዣ አለ። ሳሊሃ የምትባል ጅልባብ የለበሰች የሰፈራችን ልጅ ስኒከሯን በፌስታል አንጠልጥላ በየጠዋቱ እዚያ ትቆማለች። ታክሲ መጥቶ ይሄዳል፤ እሷ አትሳፈርም። ይህ ነገር ከኦቦ ተረፈ ዓይን ያመልጣል? ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

"ኮቱ፣ ነይ ልጄ፣ ግቢ፣ ቦታ አለ!"

"አባባ፣ ስኳሬ አልወርድ ብሏል። ሐኪሙ ካልተንቀሳቀስሽ ለዓይንሽም ያሰጋል አለኝ። ግን በዚህ ሁሉ ወንድ መሀል እንዴት ልሥራ?"

ኦቦ ተረፈ ቀጥ ብለው ወደ ጂሙ ተመለሱ። የጂሙን ባለቤት አክመልን የሴቶች ሰዓት ጠየቁት።

"ጠዋቱ የእናንተ ነው ኦቦ። ማንን ላስወጣ?"

ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና "ወራጅ አለ!" ብለው ጮኹ። መጀመሪያ የወረዱትም እሳቸው ናቸው። እኛም እያጉረመረምን ወደ ማታ ተዛወርን፤ ማታ ደግሞ መተንፈሻ የለም። እሳቸው ግን የሳሎናቸውን መጋረጃ ነቅለው የጂሙ መስኮት ላይ ሰቀሉና ጠዋት ጠዋት ውጭ ቆመው መጣራት ያዙ። "ሴቶች ብቻ! ግቡ፣ ቦታ አለ!"

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ታክሲ ስይዝ ኦቦ ተረፈ በሩ ላይ የሉም፤ ጉልበታቸው አብጦ ቤት ቀርተዋል። አንዲት እናት ፌስታል ይዘው መያዣው ጋ ቆመዋል። ታክሲ መጣ፤ እኔ ገባሁ፣ እሳቸው አልተሳፈሩም። ወይ ጣጣ! ወረድኩ። "ይግቡ እናቴ፣ ቦታ አለ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ሳሊሃ ከውስጥ ወጥታ እጃቸውን ያዘችና ወደ እኔ ዞረች። "ስኳሬ ወርዷል። ለአባባ ንገርልኝ።"

ሥራው ይቅር ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ሶፋው ላይ ተጋድመው ሲያዳምጡኝ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ሴትዮዋስ ገቡ?"

"ገብተዋል። እርስዎም ቶሎ ይነሱልን፤ ያለ እርስዎ ጂሙ ጭር ብሏል።"

እኚህን ጨቅጫቃ ሰው ለካ እንዲህ እወዳቸዋለሁ! የምቀመጥበት ሳጣ ያበጠ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው፣ እሳቸው ራሳቸው ጠጋ አሉልኝ።