ሦስት ጣሳ ዳፕ

እኛ አገር ቆንጥሮ መስጠት ነውር ነው። እንግዳ "በቃኝ" ሲል የማንሰማ፣ ትንሽ ካስተረፈ የተሰደብን የሚመስለን ሰዎች ነን። ይህ ለእንግዳ ያማረ ጠባይ ለእርሻ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ልንገራችሁ፤ ሐብሩ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ሰባት ዓመት በዚሁ ስለፈልፍ ኖሬያለሁና።

ልፍለፋዬ አጭር ነበር። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከወደቀበት ብዙም አይንቀሳቀስም። ከበተናችሁት አብዛኛውን አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል፤ ለጋ ሥር ደግሞ ሩቅ ሄዶ አይለቅምም። ከዘሩ አጠገብ ብትቀብሩለት ግን ጥቂቱ ይበቃዋል። "ለራስዎም ይተርፍዎታል" እላቸዋለሁ፣ ከመርሳ ወረድ ብለው የሚያርሱትን አያ እንድሪስን። እሳቸው በትሕትና ያዳምጡኝና እፍኛቸውን ሞልተው ይበትናሉ።

"ልጄ፣ ሲዘሩ መሰሰት በረካ ያሸሻል።"

ከበረካ ጋር ማን ይከራከራል?

ጦርነቱ ሲቃረብ አያ እንድሪስ ግማሽ ኩንታል ዳፓቸው እንዳይዘረፍ ብለው ባዶውን የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ዓመት ይከርማል። ዳፕ ግን ማሽላ አይደለም። ታጣቂዎቹ ሄደው፣ ዓመቱ ዞሮ የዘር ጊዜ ሲደርስ ጉድጓዱ ቢከፈት፣ እርጥበት ከበላው መሀል ደህናው ሦስት ጣሳ ብቻ ሆነ። አዲስ ማዳበሪያ አልመጣም፤ ጎተራውም ተራቁቷል። አሁን የሚዘሩት ማሽላ ካልያዘ ቤት ውስጥ ያሉት ስድስት ነፍሶች የሚበሉት የለም።

ሦስቱን ጣሳ ፊቴ ደርድረው "እስቲ ያን ነገርህን ድገመው" አሉኝ። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነበር፤ ስሰማው ግን አልቅስ አልቅስ አለኝ። ችግር በቅቤ ያስበላል ይባል የለ? ፈሩን ተከትለው፣ በሦስት ጣታቸው እየቆነጠሩ ከዘሩ አጠገብ ቀበሩ። መንገደኛ ሲያልፍ እጃቸውን ይደብቁ ነበር።

ማሽላው ያዘ። እፍኝ ሙሉ ከተበተነባቸው ዓመታትም አላነሰም። ትንሽ ልኩራራ ብዬ ብሄድ፣ አጠገቡ ያለው የወይዘሮ ዘነቡ ማሳም እንደዚያው አምሮ ቆሟል። ዘነቡ ጦርነቱ ባላቸውን የነጠቃቸው ጎረቤት ናቸው፤ ማዳበሪያ የሚባል እጃቸው ላይ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ከየት አመጡ ብዬ ጠየቅሁ።

"ከሦስቱ አንዱ ጣሳ ተረፈኝ፣ ወሰድኩላት" አሉ አያ እንድሪስ። ቀጥለውም ቅር ብሏቸው አዩኝ። "ሲቆነጥሩ ለሰው እንደሚተርፍ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?"

ሰባት ዓመት ሙሉ ለራስዎ ይተርፍዎታል ስላቸው ኖሬያለሁ። ለጎረቤት ይተርፋል ብዬ ግን አንድ ቀን አልተናገርኩም።