ቸመጉ ዶት ኮም

አንዳንድ ነገር እስኪጠየቅ ድረስ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቅዳሜ ገበያ ወጥታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ የዋለ፣ ባለቤቱን እንኳ የሰለቸው አንድ በግ አይጠፋም። እናንተ ጠጋ ብላችሁ ወገቡን ጨበጥ፣ ላቱን መዘን አድርጋችሁ «ስንት ነው?» ማለታችሁ ነው ጥፋቱ። ከየት መጡ ሳይባል ሰዎች ከኋላችሁ ይደረደራሉ፤ በጉም ድንገት የተከበረ በግ ይሆናል። ሚኒባስ ውስጥም እንደዚያው ነው። «ይሄ ወንበር ሰው አለው?» ብላችሁ በትሕትና ስትጠይቁ፣ ትሕትና ያልፈጠረበት ከጎናችሁ ሾልኮ ይቀመጥበታል። ስለ አንዲት ልጅ «ታጭታለች ወይ?» ብሎ ያጠያየቀ ጎረምሳም፣ እሱ ሽማግሌ እስኪያሰባስብ ሌላው ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀን ቆርጦ ይጠብቀዋል። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላል። ሊቅ ማድረጉን እንጃ። እኔን ግን ባዶ እጄን አስቀርቶኛል።

አምቦ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ግን ጀልዱ ወረዳ፣ ጎጆ የምትባል ከተማ ነው፤ ከአምቦ በላይ፣ ድንች የሚወድደው፣ ሰው ግን ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥበት ደጋ። እናቴ ዛሬም እዚያው ናት። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ ቤታችን ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ገመቹ ነበርን።

ገመቹ ማለት በኦሮምኛ ደስታ ማለት ነው። ልጁ አፉን ሲፈታ ግን ደስታውን ገለበጠው። «ስምህ ማነው?» ሲባል ደረቱን ነፍቶ «ቸመጉ!» ይላል። ብናርመው፣ ብንቆጣው፣ ብንስቅበት፣ ወይ ፍንክች። በኋላ አንደበቱ ቢስተካከልም እኛ ነን አልስተካከል ያልነው፤ ቸመጉ እንዳልነው ጎረመሰ። ቃሉ ኦሮምኛ አይደለም፤ አማርኛም አይደለም። ከቤታችን ግቢ ውጭ የማይሠራ ቋንቋ ነው። ጓደኞቹ ፊት እንዳንጠራው ያስምለን ነበር።

መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት፣ ወጣት ልጅ ያላት እናት ሁሉ በጊዜ በሯን ዘግታ በምትጨነቅበት በዚያ ዘመን፣ ቸመጉ «ሥራ ፈልጌ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ከመተማ ደወለ። ከዚያ ደግሞ ከሱዳን፣ በማናውቀው ቁጥር። «ዲንቄ፣ ደህና ነኝ። እማዬን ደህና ነው በያት» አለኝና መስመሩ ተቋረጠ። በዚያ ቁጥር ብደውል፣ ባስደውል፣ የሚያነሳ ጠፋ። ይኸው እስከ ዛሬ።

የሞተ ሰው እርሙ ይወጣል። ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ ቆይቶም ቢሆን እህል ከጉሮሮ ይወርዳል። የጠፋ ሰው ግን እርም የለው፣ ድንኳን የለው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከተቀመጡበት መነሳት ብቻ ነው። አንድ ዘመዳችን «እንግዲህ ቁርጣችሁን እወቁና ተስካሩን አውጡለት» ብሎ ቃል ቢያመልጠው፣ እናቴ የያዘችውን የጠላ ጣሳ አስቀምጣ እስኪወጣ ድረስ አየችው። ሁለተኛ ቤታችን አልመጣም።

ከእኔ ጋር የኮምፒውተር ትምህርት የሚያስተምር ፈይሳ የሚባል ባልደረባ አለኝ። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብለን ስለ ድረ ገጽ ሲያጫውተኝ፣ «ማንም የሌለው ስም ካለሽ፣ ያንን ስም የጻፈ ሰው በቀጥታ አንቺ ጋ ይመጣል» አለኝ። ልቤ ዘለለ። ሰው በሰው አገር ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ስልኩን ይዞ የሆነ ያልሆነውን ይጽፋል፤ የሰፈሩን ስም፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የራሱን ስም። ወንድሜ አንድ ቀን ናፍቆት ሲብስበት «ቸመጉ» ብሎ ቢጽፍስ? እዚያ የእማዬን ፎቶ ቢያገኝ፣ ከሥሩ ስልኬን ቢያገኝ?

«እስቲ ነፃ መሆኑን እንጠይቅ» አለ ፈይሳ። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩለት። ነፃ ነው! ማን ሊይዘው ኖሯል? አጨበጨብኩ። ማመን አቅቶኝ ቤቴ ገብቼ በስልኬ ጠየቅሁ፤ ነፃ ነው። በማግስቱ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ደግሜ ጠየቅሁ፤ ነፃ ነው። ለነገሩ መጠየቁ ራሱ ደስ ይላል። ይሄ ሁሉ የዓለም ሕዝብ ሲራኮት የእኛን ቤት ስም የነካው የለም ብላችሁ አስቡት።

ስሙን ለመግዛት ደግሞ ከውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያስፈልግ ኖሯል። ፈይሳ ናይሮቢ የሚሠራ የአክስቱን ልጅ ለመነልኝ፤ ልጁም እሺ አለ። እሱ እሺ ባለ ማግስት እኛ ጋ ኔትዎርክ ጠፋ። እንዴት እንደሚጠፋ የአምቦ ሰው ያውቀዋል፤ የሌላ አገር ሰው ቢያውቀው ምን ይጠቅመዋል። ሲመለስ እየሮጥኩ ፈይሳ ጋ ሄድኩ። ጻፈው። ስሙ ተይዟል።

«እንዴት ይያዛል? ማን ያውቀውና?»

ፈይሳ ጸጉሩን አከከ። «ስም የሚነግዱ አሉ አሉ። አንቺ ‹ነፃ ነው ወይ?› ብለሽ ስትጠይቂ የሆነ ቦታ የሚሰማ ጆሮ አለ። ደጋግመሽ የጠየቅሽውን ‹ይሄስ ተፈላጊ ነው› ብለው ይቀድሙሻል። ከዚያ መልሰው ለአንቺው ሊሸጡልሽ ነው።»

እንግዲህ ደጋግሜ ማጨብጨቤ ነው ጉድ የሠራኝ።

ብቻዬን መቻል አልሆነልኝምና ለእናቴ ደወልኩላት። ድረ ገጽ ምን እንደሆነ በመከራ አስረዳኋት፤ «በአየር ላይ ያለ ደጃፍ በይው» ብዬ ገላገልኳት። ከዚያ የእኛን ስም ሰው እንደወሰደው ነገርኳት።

«ማነው የወሰደው?» አለች።

«አይታወቅም እማዬ። ባለቤቱ ማንነቱን ደብቋል።»

«ደብቋል?»

«አዎ፣ ይደብቃሉ።»

የጎጆ ነፋስ በስልኩ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማኛል። «ዲንቄ» አለች በመጨረሻ፣ «በዚህች ምድር ላይ ቸመጉን የሚያውቅ ሰው ማን ማን ነው?»

«እኔና አንቺ።»

«ሌላስ?»

የጠየቀችውን ራሷ መለሰችው። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ልጄ አለ!» ብላ እልል አለች።

የፈይሳን ጆሮ፣ የስም ነጋዴውን ታሪክ ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝ፤ አልተቀበለችኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ሳላምን ማመን አማረኝ። ማንነቱን የሚደብቅ ነጋዴ ብቻ ነው እንዴ? የተቸገረ ሰውስ አይደብቅም?

በዚያው ሳምንት ጎጆ ወጣሁ። ያንን የሚያንገጫግጭ መንገድ ጨርሼ፣ አቧራዬን ሳላራግፍ «እስቲ ደጃፉን ክፈቺልኝ» አለችኝ። በስልኬ ከፈትኩላት። ነጭ ገጽ ነው፤ መሃሉ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጽፈዋል። ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸው እስኪያልቅ የሚያስቀምጡት ነገር ነው፤ ነጋዴም ባዶ መሬቱ ላይ አጥር እንደሚያጥር ይጽፈዋል።

«ምን ይላል?» አለች።

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝና እንደ ልማዴ ቃል በቃል ተረጎምኩት። «‹በቅርቡ ይመጣል› ይላል።»

ቃሉ አፌ ውስጥ ሳለ ነው ጥፋቴን ያወቅሁት። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ በሁለት መዳፏ ያዘችው። «ዱፋ ጅራ?» አለች፤ በኦሮምኛ፣ እየመጣ ነው ማለቷ ነው። የማታውቀውን ፊደል በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ገጹ ወደ ላይ ሄዶ ጠፋባት። «ምነው ሄደ?» ብላ ደነገጠች። መለስኩላት።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! የቸመጉ ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮው ተቀየረ። አንድ ወጠጤ በግ ለአቀባበሉ ተለየ። ያ በግ እንግዲህ በጀልዱ ምድር ታሪክ ዕድለኛው በግ ነው፤ ፋሲካ መጣ አለፈው፣ እንቁጣጣሽ መጣ አለፈው፣ ጓደኞቹ በተራ እየተጠሩ ሲሄዱ እሱ ጥላ ሥር ተኝቶ እያመነዠከ አረጀ። ጎረቤት «ይሄ በግ ለማን ነው?» ሲል «ለቸመጉ ነው» ትላለች። በመሐላ የተደበቀውን ስም አገር ሁሉ አወቀው።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ደርሼበት በሆዴ ይዤዋለሁ። ወንድሜ የተማረው በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል ነው። ይህን ስሙን አጥር ላይ በከሰል ሲጽፈው ሁልጊዜ ሁለት ኤም፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ዩ ይደረድራል። እኔ ግን የጠየቅሁት እንግሊዝኛ እንደለመደ ሰው በአንድ ኤም፣ በአንድ ዩ ነበር። የተያዘውም የእኔው አጻጻፍ ነው፤ ፊደል ሳይዛነፍ። ገመቹ ቢሆን የያዘው በራሱ አጻጻፍ ይይዘው ነበር። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ተማሪዎቼ የምጽፈውን የረሳሁ መስሏቸው ሳቁ። ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት? ቁቤ ላስተምራት?

ለስሙ ባለቤትም በገጹ በኩል ጽፌ ነበር። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ በጨዋ ደንብ፤ ኋላ «ወንድሜ ከሆንክ አንድ ቃል በል» ብዬ። መልስ የለም።

ከረምረም ብሎ ጎጆ በሄድኩ ጊዜ ገጹ አልከፈት አለ። እናቴ ኔትዎርክ መስሏት ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ጉብታው ወጣች። ከታች ሆኜ አያታለሁ፤ ስልኩን ወደ ሰማይ ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ነጠላዋን ነፋሱ ይገፈዋል። ወርዳ ስልኬን መለሰችልኝና ገብታ ተኛች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

አምቦ ተመልሼ ለፈይሳ ስነግረው፣ «ገዢ አጥቶ ሳያሳድሰው ቀርቶ ይሆናል፤ ስሙ ሊለቀቅ ነው ማለት ነው» አለኝ። ልጠይቅ ወደ ኮምፒውተሩ ስጠጋ እጄን ያዘኝ። «ኧረ አትጠይቂ! አሁን ተምረሻል አይደለም እንዴ? የሚገዛበት ቀን ሲደርስ ዝም ብለን እንገዛለን።» ለናይሮቢው ልጅ ተነገረው፤ እኛ ትንፍሽ አላልንም፤ በመጨረሻ ስሙ እጃችን ገባ። በሕይወቴ ስለምፈልገው ነገር እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም።

አሁን ለእናቴ እውነቱን መንገር ግድ ሆነ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ፊት የያዘው ነጋዴ እንደነበረ፣ አሁን የእኛ እንደሆነ ነገርኳት። ስለ ኤሙና ስለ ዩውም ሳይቀር። ታለቅሳለች ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን ድንቿን እየላጠች፣ «ታዲያ ነጋዴውን ‹ይመጣል› ብለህ ጻፍ ያለው ማነው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፉት።»

«በበለዓም አህያ አፍ የተናገረ አምላክ፣ በነጋዴ አፍ መናገር ያቅተዋል?» ብላ ቢላዋውን ወዘወዘችብኝ። «ያ ጽሑፍ ከቦታው እንዳይነሳ።»

አላነሳሁትም። ፎቶዋን ለጠፍኩ፣ ስልኬን ጻፍኩ፣ ስሙን በእኔም በእሱም አጻጻፍ ከላይ አኖርኩ። ከሥር ደግሞ ያው ሁለት ቃል።

በቅርቡ በገጹ በኩል መልእክት መጣ። አጭር፣ በእንግሊዝኛ፣ ላኪው ስሙን ያልጻፈ። «ይህ ስም ይሸጣል?» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ለፈይሳ ባሳየው በሳቅ ፈረሰ። «በቃ አንቺም የስም ነጋዴ ሆንሽ! ይሄ ደላላ ነው፤ እርሺው።»

ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን ደላላ ይሄን ስም ምን ሊያደርገው? ኦሮምኛ አይደለ፣ አማርኛ አይደለ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፤ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። የእንግሊዝኛ መምህሯ መጨረሻ ላይ በአማርኛ እንዲህ ብላ ላከች፤ «ስሙ አይሸጥም። ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው። ባለቤቱ አንተ ከሆንክ ግን ዋጋ ምን ያስጠይቅሃል? ዝም ብለህ ግባ።»

መልስ አልመጣም። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ፈይሳ ሻይ እየጠጣን ሳለ ነገሩ ትዝ አለው።

«ያ ሰውዬ መለሰልሽ?»

«አልመለሰም።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይገርማል» አለ፤ «ደላላ ቢሆን ኖሮ ዋጋ ይዞ ይመለስ ነበር እኮ።»

ምነው አፉን በያዘው! ያንን ሁሉ ጊዜ እናቴን እንዳስተዋይ ሰው ስመክራት የኖርኩት እኔ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከተቀመጥኩበት የምነሳው በሁለት እግሬ ሳይሆን በክንፍ ነው።