ክቡር ሚኒስትሩ ያመጡት ሳር

«እኔ ቤት ያከራየሁት ለሰው ነው እንጂ ለሳር አይደለም! ማን ነው ይሄን ጉድ ግቢዬ ያስገባው? ያስገባው ሰው ዛሬውኑ ዕቃውን ጠቅልሎ ይውጣልኝ!»

አከራያችን ናቸው። የግቢው ፍሳሽ ቱቦ ተዘግቶ የልብስ እጣቢው ሳሎናቸው ገብቷል፤ ምንጣፋቸው አጥር ላይ ተሰቅሎ ያንጠባጥባል። ቧንቧ ሠራተኛው ከቱቦው የሚጎትተው የሥር ጥቅልል የሴት ፀጉር ይመስላል። ጎትቶ ጎትቶ አላልቅ ሲለው ቁጭ ብሎ ላቡን ጠረገ።

ማን እንዳስገባው ግቢው በሙሉ ያውቃል።

በየሰፈሩ ባዶ እጅህን ከቤቱ የማያስወጣህ አንድ ሰው አለ። እንዴት ዋልክ ልትለው ጎራ ትልና በቆርቆሮ የተተከለ ነገር ታቅፈህ ትወጣለህ። በእኛ ግቢ ይሄን ሥራ የያዙት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ከጓሮ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ፊት ለፊት ጋሼ እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ክቡር ሚኒስትር። ሹመታቸው የግብርና ነው።

ክቡርነታቸው ልባቸውን የሰጡት ለአንድ ሳር ነው። ለውበት ተብሎ የሚተከል ዓይነት ነው፤ ቁመቱ ሰው ያክላል፣ አናቱ ላይ ሐምራዊ ላባ የመሰለ ነገር ያወጣል። እውነት ለመናገር ያምራል። «ውሃ እንኳ አይጠይቅም! በእኔ ይሁንብህ!» ብለው ነው የሚያስታቅፉህ። ልክ ናቸው፤ ውሃ አይጠይቅም። ፈቃድም አይጠይቅም።

መጀመሪያ እኔ በር ላይ አንድ ቆርቆሮ ነበር። ላባው ደረቀ፣ ንፋስ ፍሬውን በተነው፣ አለቀልን። በሲሚንቶው ስንጥቅ በቀለ፣ በደረጃው ሥር በቀለ፣ ጣሪያው አሸንዳ ላይ ሳይቀር በቀለ። እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ ስለ ሳር አላውቅም። ግን ጎማ ስፈታ ፍሬው ጥርሱ ውስጥ ተሰክቶ አገኘዋለሁ፤ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሳሩ በመኪና። ሳጭደው እጥፍ ሆኖ መጣ። ሳቃጥለው ከዝናቡ በኋላ ፀጉር ቤት ደርሶ የተመለሰ መስሎ ብቅ አለ። የጎረቤት ፍየል ለቀቅንበት፤ ቀመስ አደረገችና ታዝባን ሄደች።

ይሄን ሁሉ ለሚኒስትሩ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «አየኸው ጉልበቱን!» አሉኝ። ነገሩ ስሞታ መሆኑን የሚያስረዳቸው ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ባለቤቴ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ደግሞ ሰው ሁሉ ብርቱካን ይዞ ሲመጣ፣ እሳቸው አንድ እቅፍ ሙሉ ሳር ይዘው ከች አሉ። ላባው ቦነነና በክፍሉ የተኛው በሽተኛ በሙሉ ያነጥስ ጀመር። ነርሷ ሳሩንም ሚኒስትሩንም አንድ ላይ ገፍታ አስወጣቻቸው። ባለቤቴ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትውለው። ያን ቀን ግን ስፌቷን በእጇ ደግፋ «ኧረ በቃኝ፣ ሊተረተር ነው!» እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

እና አከራያችን «ማን ነው?» ሲሉ ሚኒስትሩ አጠገቤ ቆመዋል። የወጣውን ሥር ሲያዩት ልጃቸው ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ነው የሚመስለው። «እሱማ...» ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ እግራቸውን ረገጥኩ።

«ንፋስ ነው እትዬ» አልኩ።

«ምን?»

«ንፋስ። ፍሬው ቀላል ነው፣ በአየር ነው የሚመጣው።»

«የምን ንፋስ ነው የምታወራው አንተ!» አሉ ሚኒስትሩ፣ የምር ተቆጥተው። «ንፋስ መቼ እንዲህ አሳምሮ መትከል ያውቃል?»

«ጋሼ፣ መድኃኒትዎን ሳይረሱት አይቀርም» አልኩና ሌላኛውን እግራቸውን ረገጥኩ።

አከራያችን እኔን አዩኝ። ከዚያ ሚኒስትሩን አዩ፤ ጥፍራቸው ውስጥ ያለውን አፈር፣ ሸሚዛቸው ላይ የተጣበቀውን ሐምራዊ ላባ። ሴትዮዋ ሞኝ አይደሉም። ግን እኚህ ሽማግሌ በዚህ ዕድሜያቸው ፍራሽ ተሸክመው ቤት ፍለጋ ሲንከራተቱ የታያቸው መሰለኝ።

«እሺ» አሉ። «ንፋስን ከቤት ማስወጣት አልችልም። ግን ይሄ ቧንቧ ሠራተኛ ሲለፋ ነው የዋለው። ንፋስ ይከፍለዋል?»

«እኔ እከፍልለታለሁ።»

ሚኒስትሩ ምስጋና የለ ምን የለ፣ የእጃቸውን ሥራ ለንፋስ ስለሰጠሁባቸው አኩርፈው፣ እያነከሱ ክፍላቸው ገብተው በሩን ድርግም አደረጉት። ቧንቧ ሠራተኛው ዋጋውን ሲነግረኝ ደነገጥኩ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ግማሽ ቀን እከራከረው ነበር። አሁን ግን ክቡርነታቸው መብታቸውን ሊያስከብሩ ተመልሰው ሳይወጡ፣ ቶሎ ብዬ ከፈልኩት።