ገብስ ያበቀለው የመምህር ወዳጆ ግድግዳ

ሞዓ ጭቃ ዘእምነገደ መንዝ፣ ወዳጆ፣ ሥዩመ ጌታነሽ፣ መምህረ ሒሳብ ዘመሐል ሜዳ፣ ባገቡ በአራተኛው ዓመት፣ ኢሕአዴግ አገር በያዘ በዐሥራ አንደኛው፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በ፲፱፻፺፬ ዓመተ ምሕረት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሰማይ ከተከፈተበት ከወርኃ ሐምሌ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ፣ እኔ ጎረቤታቸው አትናቴዎስ በአጥር ቀዳዳ ያየሁትን በዐይኔ፣ ያላየሁትን በሚስቴ ጆሮ አጣርቼ ጻፍሁት። አንባቢ ሆይ፣ ውሸት ብታገኝበት የሚስቴ ነው።

የነገሩ ሥር ይህ ነው። ከሠርጉ በኋላ በመጀመሪያው ክረምት የሚስታቸው የጌታነሽ እናት፣ እሜቴ ጥሩሸዋ ዘዓለም ከተማ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከመርሐቤቴ ተነሥተው፣ አውቶቡስ ለዋውጠው፣ በመንዝ ቁር ተንዘፍዝፈው ደርሰው፣ በክብር መደብ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ለግድግዳው ቢሰጡት፣ ግድግዳው አማት ደግፎ አያውቅምና ተገምሶ ግማሹ በነጠላቸው፣ ግማሹ በጠላቸው ላይ ወረደ። እሜቴም ጭቃውን በጣታቸው አውጥተው፣ ጠላውን ግን ጨልጠው (ጠላው ምን በደለ!)፣ ወጥተው በደጅ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስሚ ልጄ፣ ስማ አማቼ፣ ያልሰማህ ጎረቤትም ስማ! ይህ ቤት ግድግዳ የሚባል ነገር እስኪኖረው ድረስ፣ ሚካኤልን፣ ደፉን አልረግጥም!» ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ሲመጡ ከደፉ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ የቀረበላቸውን በልተው፣ ለአዳር ወደ እኔ ቤት ይመጣሉ። እኔም ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ግድግዳ ስሰማ አድራለሁ።

በዚህ ክረምት ግን ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ወይዘሮ ጌታነሽ፣ ብርሃነ ማዕድ፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ፣ ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ወራቸውም ለመስከረም። የበኩር ልጅ ተወልዶ እናት ካላረሰች ምኑን ተወለደ! ወደ መርሐቤቴ እንዳይወርዱ ያ መንገድ በክረምት እንኳን ለነፍሰ ጡር ለጆንያ ማሽላም አይመች፤ እናት ቢመጡላቸው ደግሞ አራሷ ከውስጥ፣ አራሿ ከውጭ ከጃንጥላ ሥር ሊሆኑ ነው። ጌታነሽ ይህን እያሰቡ ጓዳ ውስጥ ሲያለቅሱ ሚስቴ ደረሰችባቸው። ሽንኩርት ነው አሏት፤ ሽንኩርቱ ግን ገና አልተላጠም ነበር።

ዕንባቸውንም ጠርገው ወጥተው ለባላቸው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «አንተ ሰውዬ! በዚህ ክረምት ግድግዳው እንደ አዲስ ይመረግ። ነሐሴ ፲፮ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራው የኛ ነውና እናቴ በዚያ ቀን ገብታ ትቀመጥ። ጭዱም የጤፍ ይሁን፣ ከመርሐቤቴ ይምጣ። ይህ ካልሆነ መስከረም ላይ አንተው ታርሰኛለህ፤ ገንፎ ማገንፋት ከአሁኑ ተለማመድ!»

መምህር ወዳጆ ሁሉንም ተቀበሉ፤ የጤፉ ነገር ግን አጥንታቸው ውስጥ ገባ። የመንዝ ሰው ሲሆኑ፣ በገብስ አገር ተወልደው በገብስ አድገው፣ ጭድ ከቆላ ይለምኑ? ስለዚህ አጸፋ አወጁ፦ «ሰው ያቆመ ገብስ ግድግዳ ማቆም አያቅተውም!» ይህንም ብለው ወደ ቀየት፣ ወደ አጎታቸው ወደ ገብረየሱስ አውድማ ዘመቱ።

የሠራዊቱ ቁጥር ይህ ነው፦ አህያ ሁለት፣ ከሁለቱ አንዱ የሚሄድ፤ ጆንያ ስድስት፤ በሶ አንድ ስልቻ፤ አረቄ አንድ ጠርሙስ፣ ለብርዱ ተብሎ ብርዱ ሳይጀምር ያለቀ፤ ውሻዬ፣ ማንም ሳይጠራው የመጣ፤ እኔም ከነአካፋዬ። ገብረየሱስ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሲያበራይ ይቸኩላል፤ ከእርሱ ገለባ ውስጥ ፍሬ ለቅመው የሚያድሩ ዶሮዎች ከባለቤታቸው ይወፍራሉ። መምህር ወዳጆም ጆንያውን እያነሡ እየመዘኑ፣ ቀላሉን ንቀው ከባዱን መርጠው፣ «ክብደት የጥንካሬ ምልክት ነው» ብለው አሸክመው ተመለሱ። ገለባ ለምን እንደሚከብድ መጠየቅ የሒሳብ መምህር ሥራ ነበር። እኔ ሒሳብ አላውቅም፣ አህያ ነዳሁ።

ጭቃው ተረግጦ፣ ከገለባው ጋር ተለውሶ እስኪቦካ ድረስ ባልና ሚስት ሽርሽር አማራቸውና፣ የለመኑት የጭነት መኪና ሹፌር ጌታነሽን ከፊት፣ እኛን ከኋላ ጭኖ ጓሳ ተራራ ላይ አወጣን። ስንቁ የበግ ቅቅል፣ ድፎ ዳቦ፣ አይብና አንድ ጀሪካን ኮረፌ ነበር። ጉሙ ግን ጓሳን ጠቅልሎ ይዞ ነበርና መምህሩ ቋጥኝ ላይ ወጥተው «እነሆ አገሬ!» ብለው እጃቸውን ቢዘረጉ የታየው እጃቸው ብቻ ነው፣ እሱም እስከ ክርኑ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በዙሪያችን ሣር ሲነጩ እየሰማን፣ አንዱንም ሳናይ፣ ቅቅሉን ጨርሰን፣ በርዶንና ጠግበን ገባን። ጌታነሽ በዚያ ቀን ብዙ ሳቁ። በዚያ ክረምት እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው፣ እኔም ደስ አለኝ።

ከዚያም በሐምሌ ፳፪ ምርጊቱ ተጀምሮ ሦስት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን የአካፋዬ እጀታ ተሰበረ፤ ይህን ለትውልድ እጽፋለሁ። በሁለተኛው ቀን መምህሩ ከመሰላል ወረዱ፤ መሰላሉ ግን ቀድሟቸው ወርዶ ነበርና ጭቃው ተቀበላቸው። በሦስተኛው ቀን ተፈጸመ፤ ግድግዳውም ወፍራም፣ ለስላሳ፣ አማት የሚደግፍ ሆኖ ቆመ። ጌታነሽ መዳፋቸውን አሳርፈውበት ባላቸውን አዩ፤ በዚያ አስተያየት ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ቤት ይመርግ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። በማዕዱ ስልጆ፣ እልበት፣ ሱፍ ፍትፍት ሲፈራረቅ፣ ከውጭ ዝናም ሌትና ቀን ሲያርስ፣ ከውስጥ ደግሞ መምህሩ ግድግዳው ቶሎ እንዲደርቅላቸው ፍም ሲያነዱ፣ ለዘር ከዚህ የተሻለ ምን ይመቻል! በነሐሴ ፫ ግድግዳው ጢም አወጣ። መምህሩ ሻጋታ ነው አሉ። በነሐሴ ፯ ጣት አከለ። መምህሩ ሣር ነው አሉ። በነሐሴ ፲ ስንዝር አልፎ በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ገብስ መሆኑን የቀበሌው በግ ሁሉ ዐወቀ። በመቀስ ቢያጭዱት ተንዠርግጎ ወጣ፤ ሊነቅሉት ቢስቡት ምርጊቱ አብሮ መጣ፤ ኖራ ቢቀቡት ነጭ ለብሶ እንደ ደብተራ ተሰልፎ ቆመ።

ወይዘሮ ጌታነሽም ያን ዕለት ግምገማ ጠርተው፣ ሂስ አቅርበው፣ ግለ ሂስ ተቀብለው ውሳኔውን አሰሙ፦ «ጓድ ወዳጆ የአቅም ማነስ የለባቸውም፤ የጆሮ ማነስ ነው። ጤፍ አልሁ! ጤፍ!» ከዚያ ስብሰባው በዕንባ ተዘጋ። መምህሩ ምርጊቱን ይዘው ቆመው ቀሩ። ዐይናቸው ቀልቶ ነበር፤ እኔም ስለ አካፋው ላነሣባቸው መጥቼ ሳላነሣ ተመለስሁ።

ነሐሴ ፲፮ ደረሰ። ጾሙ ተፈትቶ፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ጠላው ተጣርቶ፣ የኪዳነ ምሕረት ድፎ በመሶብ ላይ ተቀምጦ፣ የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረ አማኑኤልና ማኅበርተኛው ሁሉ ከውስጥ ተሰይመው ሳለ፣ እሜቴ ጥሩሸዋ ከአውቶቡስ ወረዱ፤ ከአውቶቡሱም ጣሪያ ላይ የመርሐቤቴ ሙክት ፍየል፣ ባለ ቀንድ፣ ባለ ጢም፣ በመንገዱ ርዝመት የተራበ፣ አብሮ ወረደ። ለልጃቸው ያመጡት ነው። በደጁም ቆመው ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ በዚያው በድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «እኔ ግድግዳ አልሁ እንጂ ማሳ መች አልሁ!»

ማኅበርተኛው ሳቅ ሊያፍን ጠላ ውስጥ ገባ። ጌታነሽ ግን በደፉ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን በሆዳቸው ላይ አድርገው፣ ሽንኩርት ሳያመካኙ በሰው ፊት አለቀሱ፤ እንዲህም አወጁ፦ «እማዬ፣ ልወልድ ነው። እፈራለሁ።» እሜቴም ከድንጋያቸው ብድግ አሉ፤ መሐላው ግን በሚካኤል ነበርና አንገታቸውን ደፉ። በዚያች ሰዓት የፍየሉን ገመድ ረሱት።

ፍየሉም የኋላ እግሩን ተክሎ፣ የፊቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ የገብረየሱስን ገብስ መንጨት ጀመረ። ገብሱም ሥሩን ጭቃው ውስጥ ሰዷልና ፍየሉ አንድ ጉርሻ በነጨ ቁጥር አንድ ቁና ምርጊት አብሮ ወረደ፤ ማገሩ ታየ፤ ፍየሉ በቀንዱ ቢገፋው ማገሩ ተሰበረ፤ ከውስጥ የድፎው ሽታ ቢመጣለት ማኅበርተኛ ሳያስፈቅድ ዘው ብሎ ገባ። እሜቴ ጥሩሸዋ ይህን ባዩ ጊዜ፣ «ኧረ በኪዳነ ምሕረት! ድፎውን!» ብለው ጃንጥላቸውን ጥለው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ በቀዳዳው ጎንበስ ብለው ገብተው፣ አፉ ከመሶቡ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቀንዱን ያዙት። ከዚያም ቀና ቢሉ መካከለኛው ምሰሶ ሥር ቆመዋል። መሐላው ትዝ አላቸው። እሜቴም ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

ቄስ ገብረ አማኑኤል መስቀላቸውን አውጥተው፣ ደፉን ሄደው አይተው፣ ቀዳዳውንም ሄደው አይተው ፈረዱ፦ «የማሉት ደፍ ላለመርገጥ ነው፤ ደፉም እግርዎ ሳይነካው እንደ ነበረ አለ። እንግዲህ መሐላው አልፈረሰም፤ የፈረሰው ግድግዳው ነው። እሜቴ፣ ይቀመጡ።» እሜቴም ልጃቸውን በአንድ እጃቸው፣ ፍየሉን በአንድ እጃቸው አቅፈው ተቀመጡ፤ ነገር ግን ግድግዳውን አልተደገፉም።

ፍየሉ ያን ዕለት ተበላ። ጀግና ነበር፣ ሥጋውም ጠንክሮ ነበር። እሜቴም ከበሉ በኋላ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «እኔ የምገባና የምወጣው በዚያ ነው፤ ቀዳዳውን የደፈነ ወዮለት!» ስለዚህ መምህር ወዳጆ በቀዳዳው ላይ ቁርበት ሰቀሉበት፤ እሜቴም በቁርበቱ እየወጡ እየገቡ፣ መስከረም ፲፫ ሴት ልጅ ስትወለድ እልል እያሉ፣ ገንፎ እያገነፉ ልጃቸውን አረሱ። ሕፃኗም የምሥራች ተባለች።

ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ እሜቴ ወደ አገራቸው ሲነሡ፣ ፍየሉ ሳይደርስበት በቀረው በጣሪያው ሥር ጥቂት ዛላ አሽቶ ነበርና፣ መምህር ወዳጆ በዚያው በለመዱት መሰላል ወጥተው፣ አንድ እፍኝ አውርደው፣ በሳት ለብልበው ለአማታቸው ለስንቅ ሰጧቸው። እሜቴም ቆርጥመው፣ አሰብ አድርገው፣ ሳይወዱ በግድ እንዲህ አሉ፦ «ገብሱስ ደግ ነው።»

እንግዲህ ወዳጆን ማን ይመስላቸዋል! ሌላው ባል ግድግዳ አቁሞ አማት ያስገባል፤ እርሳቸው ግን አቁመው ያልቻሉትን አስበልተው ቻሉ። አጥርቶ ያላበራየ አጎታቸው ይባረክ፣ የጤፍ ጭድ ያልሰማ ጆሯቸው ይባረክ፣ የዘሩት ያልዘሩትም ይብቀልላቸው! በዚያ ቤት በር ዛሬም ሁለት ነው፤ ደፍ ያለው ለእንግዳ፣ ቁርበት ያለበት ለእናት።