አባዬና የአሚሾቹ ደቦ

አባቱን ከአገር ቤት ያስመጣ ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የአሜሪካ አምባሳደር ይሆናል። ዶሮው ጣዕም ያጣው ለምንድነው? ጎረቤት የማይጠያየቀውስ? ተጠያቂው እሱ ነው። እኔም አባዬ የምኖርባት ከተማ ሂሊያርድ ከገባ ጀምሮ ለዚህች አገር ጥብቅና ቆሜ ከረምኩ። አልረታሁም። በሁለተኛው ወር በቃኝ፣ ሸኘኝ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሳላየው ኖሬ በሁለት ወር ልሸኘው? እስከ ገና እንኳን ቆይልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ወይ ፍንክች።

ውሃ ቢያይ ልቡ ይረጋ ይሆናል ብዬ አንድ ቅዳሜ ከመጋዘን ሥራዬ ኦፍ ጠየቅኩና ወደ ኤሪ ሐይቅ ይዤው ነዳሁ። መንገዳችን በአሚሾች አገር ያልፋል። መኪናም የመብራት መስመርም ይቅርብን ብለው በፈረስ የሚያርሱ ሃይማኖተኛ ገበሬዎች ናቸው። እኛ መብራት ሲጠፋ ስንራገም ኖረናል፣ እነዚህ በገዛ ፈቃዳቸው!

የፈረስ ጋሪ ከፊታችን ሲያዘግም እኔ በንዴት መሪውን ስደበድብ፣ አባዬ ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ወዲያው በአንድ የአጃ ማሳ ላይ ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ ሰዎች ነዶ ሲያቆሙ አየና አቁም አለኝ። ሽንቱ የመጣ መስሎኝ አቆምኩ። እግዜር ያበርታችሁ ብሎ ጃኬቱን አውልቆ ማሳው ውስጥ ገባ።

ምን ላድርግ? በእኛ ደንብ ደቦ ላይ ደርሶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። በአሜሪካ ደንብ ሳያስፈቅዱ የሰው ማሳ መግባት ፖሊስ ያስጠራል። እኔ ሁለቱን ሕግ ሳከራክር አባዬ ሦስተኛ ነዶውን አቁሟል። ጭራሽ የአንዱን ጎረምሳ ነዶ ላልቷል ብሎ ፈትቶ አሰረለት። ሽማግሌው ባለማሳ ይህን አይቶ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ።

ከዚያ አባዬ ዘፈን አወረደ። ድሮ በሰፈራችን ደቦ ያለ እሱ አይደምቅም፤ ድምፁ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። እዚህ ግን የሚቀበለው ጠፋ። አሚሾቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባቴ ብቻውን ሲዘፍን መስማት አልቻልኩም። አዲሱን ስኒከሬን እያዘንኩለት ገባሁና ተቀበልኩ። የአጃው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ከአባዬ በላይ ጮክ ብዬ ተቀበልኩ። ለካ ናፍቆኝ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ዳቦና ኮምጣጣ ኪያር አበሉን። ሽማግሌው በመለያያው ላይ አረንጓዴውን በቆሎ እያሳየ፣ መከር ሲደርስ ብትመጡ ደስ ይለናል አለ። ለወጉ ያህል የተናገረው መስሎኝ ተረጎምኩ። አባዬ ግን የሽማግሌውን እጅ ጨብጦ በምልክት ብዙ አወራው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። አባዬ ማዶው የማይታየውን ውሃ አየና ብዙ ነው አለ። ስለ ኤሪ ሐይቅ የተናገረው ይኸው ብቻ ነው።

ቀጥሎ «ቲኬቱን አራዝመው» አለኝ።

ልቤ ዘለለች። ለእኔ ብለህ ነው አይደል አባዬ አልኩት።

«ለበቆሎው ቃል ገብቼ የት እሄዳለሁ?»

ይሁን፣ በቆሎም ቢሆን ያቆይልኝ ብዬ አቅፌ ሳምኩት። እሱም ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ፣ «መከር ሲደርስ አንተም ቅዳሜ ቅዳሜ ኦፍ ጠይቅ፤ ሁለት ሰው ነን ብዬ በጣቴ አሳይቼዋለሁ» አለኝ።

እኔ እኮ ዲቪ የሞላሁት ከአጨዳ ለማምለጥ ነበር።